የክት ካንዴላ

ባለፈው ሳምንት ፒክአፗ ጠዋት አልነሳ አለችኝና ጎረቤቶች መሐል ሜዳ ከተማ ካለው ጋራዥ ድረስ ገፍተው አደረሱልኝ። መካኒኩ ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱን ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫፉ ተበልቷል፤ ነጩ ሸክላ ጠቁሯል።

«ቲቸር፣ እነዚህማ እሳት መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል» አለኝ። «እስከ ዛሬ የሄደችው አዝናልዎት ነው።»

ቤት አዲስ ስላለኝ ነገ ይዤ እመጣለሁ አልኩት። አዲስ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከእሱ ዕድሜ ሳይበልጡ አይቀሩም።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አባባ በግና ገብስ ወደ ሞላሌ ገበያ ያመላልሱባት ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች በቤቱ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ብዙ አናወራም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ነው። ቁመታቸው ትከሻዬ ከማይደርስ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ጓደኛ ሊሆኑኝ የሚችሉት ልጅ አዝለው ገበያ ሲሄዱ በመስኮት አያቸው ነበር። የቀረኝ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ሰውን ነቃፊ ያደርገዋል መሰለኝ፣ የተዛነፈ ነገር ካየሁ አላልፍም።

በጥቅምት ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ሲያስመስለው መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እንቢ ትላለች። አባባ ይህን ስለሚያውቁ ማታ ሲያቆሟት አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ያዞሯታል። ሲነጋ ጎረቤት ይጠራል።

«ጋሼ፣ የገዙት መኪናዋን ነው ወይስ እኛን?» ይላሉ ገፊዎቹ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ።

አባባ ይስቁና በብርዱ ያመካኛሉ። ብርዱ አልነበረም። ዳገት ላይ ስትንተፋተፍ፣ ጭሷ ሲጠቁር፣ ቤንዚን ስትጨርስ አይ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ የተበላ ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በቤንዚን አጥበው መልሰው ያስሩታል።

የሚያበሽቀኝ አዲስ ካንዴላ እያለ መሆኑ ነው። ከደብረ ብርሃን ያመጧቸው አራት ካንዴላዎች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ፣ ከኩታቸው ሥር ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ መቼ ነው የሚቀይሯቸው?»

«የክት ናቸው።»

«የክት ልብስ ነው የማውቀው። የክት ካንዴላ የት አለ?»

«እንግዲህ አሁን አወቅሽ» አሉና ወጡ።

በእኛ አገር አዲስ ነገር ለዘወትር አይወጣም። ኩታው ለጥምቀት፣ ጫማው ለሠርግ፣ ደህናው ብርጭቆ ለእንግዳ ይቆያል። ይህን እኔም ያደግሁበት ነው። ሞተር ግን ዓውደ ዓመት አያውቅም፤ ካንዴላ የሚለወጠው ሲበላ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርኩ። እሳቸው የሽቦ ብሩሻቸውን ያነሳሉ።

ያን ጊዜ ክርክሩ ለእኔ የጨዋታ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጬ ነበር፤ መመዝገቢያው ካለፈብኝ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። በእኔ ዕድሜ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠራኝ እንደሌለ አውቃለሁ። በአውቶቡስ ልሂድ ብል፣ ልጄን የማደርሳት እኔ ነኝ አሉ። እሱንም ገበያው ይለፍ፣ በጎቹ ይሸጡ እያሉ እስከ መጨረሻው ቀን አቆዩኝ። ጣርማ በር ዳገት ላይ ቆመን ስንቀር እየታየኝ ሰነበትኩ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ገፊዎቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ከኋላ ተደረደሩ። አባባ ቁልፉን አዞሩት። መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። ሰዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አበሏት?» አለ አንደኛው።

እኔ ገብቶኛል።

የደረሰው ገብስ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ሞላሌ ስንደርስ ቆመን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዋጠን፤ ሞተሩ ግን አንድም ጊዜ አልሳለም። እንዲህ በፍጥነት እንደርሳለን ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጨረሻው ላይ፣ ትንሽ ብትንተፋተፍ አልጠላም ነበር።

አባባ ፍራሼን አወረዱልኝ፣ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፣ እኔም ገባሁ። ተመዝግቤ ስወጣ ሄደዋል ብዬ ነበር። መኪናዋ ግን አጥሩ ጥግ ቆማለች፤ የሞተሯ ክዳን ተከፍቷል። አባባ አጎንብሰው መፍቻ ያዞራሉ። አዲሶቹን ካንዴላዎች አንድ በአንድ እያወጡ ነጩ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ፤ አሮጌዎቹን ከኪሳቸው አውጥተው ይተካሉ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ቀና አላሉም። «ብቻዬን ለምመለስበት አሮጌው ይበቃል። እነዚህ አንቺን ለማምጣት ናቸው።»

መኪናዋ እየተንተፋተፈች ተነሳች። ከዓይኔ ከተሰወረች በኋላ እንኳ፣ ከሌሎች መኪናዎች ድምፅ መሐል እየሳለች የምትሄደዋን ለይቼ እሰማት ነበር።

ለእረፍት ስወጣ አባባ ጥቂት ጊዜ ደብረ ብርሃን መጥተው ወሰዱኝ። ያኔ መኪናዋ ሁልጊዜ ሳትንተፋተፍ ትሄዳለች። ኋላ ለማስተማር መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመደብኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምመላለሰው በአውቶቡስ ሆነ። አባባ ሲያርፉ ቤቱና መኪናዋ ለእኔ ቀሩ፤ ካንዴላዎቹን ከኩታቸው ሥር አገኘኋቸው። ጫፋቸው ገና አልጠቆረም። የመኪናዋን ካንዴላ ስንቴ ስቀይር እነሱን አልነካኋቸውም። ለየትኛው ቀን እንደማቆያቸው የጠየቀኝ የለም፤ ባል አላገባሁም፣ ከየትም የማመጣው ልጅ የለኝም።

መካኒኩ የተበላውን ካንዴላ ባሳየኝ ማግስት ጨርቁን ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ እያገላበጠ አያቸው።

«ሳይሠሩ ነው ያረጁት፣ ቲቸር። ሩቅ መንገድ አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም። ቤቴ ነው የምሄደው።»

አሰራቸው። ቁልፉን አዞርኩት፣ ባንዴ ተነሳች። ካንዴላ የሚለወጠው ሲበላ ነው፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው፤ ልክም ነኝ። ግን እኔን ለማምጣት የተቀመጡ ነበሩና፣ አመጡኝ። ደጃፌ ስደርስ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቆምኳት። በሩ እንደ ዘጋሁት ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ ጥቂት ተቀመጥኩ።