በበርሜል ውስጥ የሚዘምረው ሞተር

በግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ አናቱ የተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል አለ። ሁልጊዜ ውሃ ይሞላል። አባቴ የሚጠግናቸውን አሮጌ የጀልባ ሞተሮች የሚፈትነው እዚያ ውስጥ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ድምፁን ሲሰማ ወፍጮ ቤት ይመስለዋል። ጎረቤታችን ሸማኔው ግን ያውቃል።

«ካፒቴን፣ መርከብህ በቀጨኔ ወንዝ መቼ ነው የሚነሣው?» ይለዋል አባቴን።

«አንተ የመልሕቁን ገመድ ሸምነህ ስትጨርስ።»

ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ከዋልኩ ጀምሮ የእኔ ሥራ በርሜሉን መሙላትና ውሃውን መከታተል ነው። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚሄድበት ውሃ ነው። ከታች ያለች ትንሽ ጎማ ውሃ ትስብለታለች፤ ውሃው ሞተሩን ዞሮ ሲሞቅ በጎኑ እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣል። ክሩ ሲቋረጥ እጄን አነሣለሁ፣ አባቴም ያጠፋዋል። መናገር አያስፈልገኝም። ደንበኛ ፊት ቀና ማለት ለሚጨንቀኝ ለእኔ የሚመች ሥራ ነው።

የማወራላችሁን ሞተር ያመጣው የዝዋይ ሰው ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በጀልባው ዓሣ ያወጡበታል። ቀለሙ የተላጠ፣ ጭሱ የሚያፍን፣ እያሳለ የሚጠፋ ሞተር ነበር። አባቴ ካንዴላውን ቀየረ፣ የውሃዋን ጎማ ቀየረ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠበ። በመጨረሻ በርሜሉ ላይ አስሮ አስነሣውና ዓይኑን ጨፈነ። አንድ መዳፉን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፎ፣ በሌላው እጁ ቤንዚን የምትመጥነውን ብሎን በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቃት። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ፤ ሳሉ ቆመ። ሞተሩ ዘመረ። ሸማኔው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣

«ዛሬስ ማኅሌት ቆመ!» አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለ ጀልባው ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ ተመለሰ። ጥቁር ለብሷል፤ ጢሙ አድጓል። አባቴ ገና ሲያየው ከመቀመጫው ተነሣ።

እንደ ነገረን፣ ታናሽ ወንድሙ ብቻውን ወጥቶ ሐይቁ መሐል ሳለ፣ የከሰዓቱ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት፣ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። ታናሽ ወንድሙ ቆሞ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ሚዛኑን ሳተና ወደቀ። መቅዘፊያ አልያዘም፤ መንሳፈፊያ ሰደርያም አልለበሰም ነበር። ከሩቅ ጀልባ ሆነው ያዩ ሰዎች ሲደርሱ ባዶዋን አገኟት።

«ሰው ሁሉ የታንኩን መተንፈሻ መክፈት ረስቶ ነው ይላል» አለ ባለ ጀልባው። ያቺ የክዳኑ ላይ ቀዳዳ ከተዘጋች ታንኩ አየር ስለማያገኝ ቤንዚኑ መምጣቱን ያቆማል። «እናቴም ሰምታ፣ በገዛ ግዴለሽነቱ ጥሎኝ ሄደ እያለች ታለቅሳለች። ወንድሜ ግን ግዴለሽ አልነበረም፣ አባባ። ይዩልኝ። ጥፋቱ የሞተሩ ከሆነ ይንገሩኝ።»

አባቴ በርሜሉ ላይ አሰረው። በአንድ መሳብ ተነሣ፤ ዘመረ። ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመው። ዘመረ። በማግስቱም እንዲሁ። ምንም ሕመም የለበትም። ከታች ክንፎቹ ሲሽከረከሩ የበርሜሉ ውሃ መሐሉ ላይ ይሰረጎዳል፤ እኔም ወደዚያ ጉድጓድ ማየት ፈራሁ። ያላየሁት ሰው ከዚያ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ድምፁ ቤት ድረስ ተከተለን። ሳህን ሳጥብ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና፣

«ውጪና አጥፊው» አለኝ።

«ጠፍቷል እኮ፣ አባባ።»

እንደማያምነኝ ሁሉ ወደ ደጅ ተመለከተ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ፤

«እኛ የምንሰማው እዚህ ነው። እሱ የጠፋው እዚያ ነው። ለምን ሐይቁ ላይ አንሰማውም?»

በነጋታው ሞተሩን ይዘን ወደ ዝዋይ ወረድን። መንገድ ላይ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ገና ከጉለሌ ሳንወጣ ውሃ ጠጥቼበት ክዳኑን ያጠበቅሁት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጭኔ ላይ ነበር። ዝዋይ ስንደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨማዷል።

«ማን ጨመቀው?» አለ አባቴ።

«ማንም አልነካውም።»

ተቀበለኝና ክዳኑን አላላው። ጠርሙሱ ትንፋሽ እንደሳበ ሁሉ ጧ ብሎ ተነፋ። አባቴ ከመኪናው እስክንወርድ ድረስ ጠርሙሱን ሲያገላብጠው ነበር።

ባለ ጀልባው ከሐይቁ ዳር ጠበቀን። ጀልባዋን በወፍራም ገመድ ከዛፍ ጋር አስረን ሞተሩን ገጠምነው። ባለ ጀልባው የታንኩን መተንፈሻ በገዛ እጁ ከፈተ። ሞተሩ ተነሣ፤ ዘመረ። አባቴ ነዳጅ ሰጥቶ ጀልባዋ ገመዱን ስትወጥረው ግን ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቃተተና ጸጥ አለ። ባለ ጀልባው ዘሎ ታንኩን ያዘ።

«ክፍት ነው! መተንፈሻው ክፍት ነው!»

አባቴ ካቻቢቴውን አውጥቶ ብሎኗን አላላት። እንደገና አስነሣው። አሁን ገመዱ እስኪወጠር ቢጎትትም አልደከመም። አባቴ በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ነው ሊል ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ፊቱን እንዳላይ ወደ ውሃው ዞርኩ።

«ወንድምህ አልረሳም፣ ልጄ» ሲል ሰማሁት። «እኔ ነኝ። የእኛ ሰፈር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። እኔም ለዚያ አየር ብዬ ብሎኗን አጥብቄ ቤንዚኑን ቀነስኩለት። እዚህ አየሩ ሲከብድ ቤንዚን አነሰው።»

ባለ ጀልባው ጎንበስ ብሎ እጁን በሐይቁ ውሃ ሲታጠብ ቆየ።

«ይምጡ» አለ በመጨረሻ።

«ወዴት?»

«እናቴ ዘንድ። ይህን ከእኔ አይደለም፣ ከእርስዎ ትስማው።»

እኔ ጀልባዋ ዘንድ ቀረሁ። አባቴ ሲመለስ የኮቱ አንድ ትከሻ ረጥቦ ነበር። 

አሁን የሐይቅ ሞተር ከግቢያችን የሚወጣው ብሎኗ ላልታለት፣ እያሳለና ጥቁር እየጨሰ ነው። አባቴ ለባለቤቶቹ፣ የመጨረሻውን ማስተካከያ ውሃው ዳር ነው የምታደርጉት ይላቸዋል፤ መቅዘፊያና ሰደርያ እንዳላቸው ሳይጠይቅም አይለቃቸውም።

«ካፒቴን፣ እጅህ ከዳህ እንዴ?» ይላል ሸማኔው። «ሞተር ሲሰጡህ፣ አስም ያለበት ሽማግሌ አድርገህ ትመልሳለህ!»

 አልፎ አልፎ ግን አንዱ ሞተር ገና ሲነሣ፣ ማንም ሳይነካው፣ አምሮ ይዘምራል። ያን ጊዜ አባቴ ብሎኗን ሊያላላ ካቻቢቴውን ይፈልጋል። እኔም የውሃው ክር ሳይቋረጥ እጄን አነሣለሁ።