ለክፉ ቀን የተቀመጠ ኪኒን

ነጭ ሽንኩርት በኑግ ዘይት ሲቁላላ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ወደ ግራ ጆሮዬ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ ያ ጆሮዬ መግል ያፈስ ነበርና፣ እናቴ ዘይቱን ለብ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አጋድማኝ፣ «አይዞህ፣ ሸጋ ትሆናለህ» እያለች ጠብ ታደርግልኝ ነበር። እኔ ግን ሰላጣ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ይገዛልኝና፣ ጆሮዬ ደረቅ ሲል የተረፈውን ኪኒን ስኒ ውስጥ አድርጎ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጠው ነበር። «ለክፉ ቀን ነው» ይላል፤ ወላጆቹ ደምቢያ ላይ ጎተራ ሞልተው የሚያድሩ ገበሬዎች ነበሩና ማስቀመጥ በደሙ ነው። ሕመሙ ሲመለስ ከዚያችው ስኒ ይሰጠኝ ነበር።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። በጥምቀት ውኃው ሲባረክ የሰፈራችን ልጆች ከነልብሳቸው ፋሲል መዋኛ ውስጥ እየዘለሉ ሲንቦጫረቁ፣ እኔ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ጫማቸውን እጠብቅ ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም ጠብቶም ጆሮዬ አልደርቅ ሲል ሆስፒታል ሄድን። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ መግሉን በጥጥ ወስዳ፣ በሳህን ላይ አብቅላ፣ በሌላ ቀን ስንመለስ አሳየችን። ሳህኑን የሸፈኑት የእኔው ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ በላያቸው መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በአንዱ ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ እንደ ተላጨ ራስ ጠርቷል፤ ሌላውን ግን ከምንም ሳይቆጥረው እስከ ጫፉ በቅሏል።

«ይሄ ቤት አለን ያላችሁኝ ኪኒን ነው» አለች ሁለተኛውን ወረቀት እያሳየች። «እያቋረጣችሁ ስትሰጡት ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ተርፎ ይራባል።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እኔው ነኛ ያሠለጠንኳቸው!»

ባክቴሪያውን የገደለው መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ አባቴም እስከ መጨረሻው አስወስዶኝ ስኒዋን አጠበ። ታኅሣሥ ላይ ጆሮዬ ደረቀ፤ ሐኪሙ ግን መግሉ የበሳው የጆሮዬ ታምቡር ገና ስላልገጠመ ውኃ እንዳይነካኝ አለ። ዘንድሮስ እገባለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነበርና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በጥምቀት መዋኛው ዳር ቆመን ሳለ አባቴ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝና፣ «በእኔ ጦስ ነው የቀረኸው፤ እኔ ልግባልህ» ብሎ ከነሱፉ ዘለለ። ተማሪዎቹ «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ አበዱ፤ እናቴ እልልታ ጀምራ በሳቅ አቋረጠችው። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዛሬ ታምቡሬ ገጥሟል፤ በቤቴም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ኪኒን የለም። አሁን ጆሮው የከበደው አባቴ ነው፣ በእርጅና። የምለውን ሁሉ «ምን አልክ?» እያለ ያስደግማል። ጥምቀት ሲመጣ ግን መዋኛው ዳር ሰዓቴን ፈትቼ ሰጥቼው፣ «ልግባልህ?» ስለው፣ ይችን አንድም ቀን ድገም ብሎኝ አያውቅም።