በቆላ ፀሐይ የደረቁ የስኳር ጽጌረዳዎች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰዓዳ ስትዳር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ኬክ እፊቴ አስቀመጡ። ላዩ ላይ ነጫጭ ጽጌረዳ ተደርድሮበታል። ልጆቹ «እማማ፣ አበባው እኮ ይበላል» እያሉ ሊያስገርሙኝ ሞከሩ። እኔ ግን አንዷን ቅጠል በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ «ይሄ በደንብ ደርቋል፣ ሠሪዋ እጇ ይባረክ» አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሮጊቷ ስለ ኬክ ምን ታውቃለች ብለው ይሆናል። ሠርግ ቤት ወግ አይመችምና ለዛሬ አቆየሁት።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ዘመን መቁጠር አይሆንልኝም። ሸዋ ሮቢት ያኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት ቤቶች፣ የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና የማሽላ ማሳ ነበረች። አባቴ በግመል ጨው ይነግድ ነበር። አንድ ቀን ከካራቆሬ ሲመለስ ከሁለት የማጀቴ አገር ሰዎች ጋር ያዙት። ለአርበኞች ጨውና እህል አቀብላችኋል ተባሉ። ውሸት ነው ብዬ አልቀጥፍም፣ አቀብለዋል። ሦስቱንም ካምፑ ውስጥ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ቆለፉባቸው። ካምፑ ውስጥ ሊደረግ ከታሰበ ድግስ በኋላ የጭነት ካሚዮን ወደ እስር ቤት ሊወስዳቸው ነው፤ በዚያ ካሚዮን ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ አናውቅም።

እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘጋ። እኔ ግን ገና ልጃገረድ ብሆንም ከጥንትም ግትር ነኝ። ካምፑ ኩሽና ገብቼ ሳህን አጣቢ ሆንኩ፤ ቢያንስ አባቴ ያለበትን መጋዘን አያለሁ ብዬ። ወጥ ቤቷ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ፣ ለጣሊያን ያደረ የአስካሪ ወታደር ሚስት ነበሩ። አስመራ ኬክ ቤት ሠርተው ስለነበር ጣሊያንኛ እንደ ውሃ ይጠጡታል። ድግሱ የካምፑ አለቃ ልጅ ክርስትና ነው፤ እናትየዋ ሲኞራ ቶርታው፣ ማለት ኬኩ ላይ እንደ አገሯ የስኳር ጽጌረዳ ካልተደረደረ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። የእትዬ ለተብርሃን ጣቶች ግን በቁርጥማት ደንድነው አልታጠፍ ብለዋል።

«አበባውን እኔ ልሥራ» አልኳቸው። «ሲኞራዋ ግን ባሏ አባቴን እንዲፈታ ትለምንልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር እንደምትደራደሪ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ይንገሩልኝ።»

ነገሩልኝ። ሲኞራዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ሳቀች። እንግዶቹ እስኪገቡ አበባው ሳይጠወልግ ከቆመ ትለምንልኛለች።

ስኳሩን በሙቀጫ ወቅጠን በስስ ሻሽ ነፋነው፤ በእንቁላል ነጭና በሎሚ ጠብታ አሽተን ሊጥ አደረግነው። ከሊጡ ቆንጥሮ መሐሉን ሹል ማድረግ፣ ቅጠሎቹን በአውራ ጣት ዳምጦ ማሳሳት፣ አንዱን በአንዱ ላይ መጠቅለል ነው ሥራው። እኔ ደግሞ ጽጌረዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እትዬ ለተብርሃን ጥቅል ጎመን ለሁለት ሰንጥቀው እምብርቱን አሳዩኝና «እንዲህ ነው፣ ግን ቆንጆ» አሉኝ። በዚያ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያዎቹ አበቦች ምድጃው አጠገብ፣ በሚንተከተከው ድስት እንፋሎት ውስጥ አንገታቸውን ደፉ። ሙቀቱ ነው አልን። ቆላ ያደገ ሰው ሲቀልጥ ያየው ቅቤን ነው፤ ቅቤ ደግሞ ደጋ ሲወጣ ይጠጥራል። ስለዚህ ሌላ ሠርቼ፣ ትሪውን ታቅፌ፣ በካሚዮን ደብረ ሲና አክስቴ ቤት ወጣሁ። የካቲት ነበር፤ በልጉ ገና ቢሆንም ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ያድራል። ጠዋት ስገልጠው ትሪው ላይ የቀረው የቀጠነ ማር የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አክስቴ ትሪውን ዘንበል አድርጋ አየችና «ፋጤ፣ እዚህ እኮ ጨው እንኳ ሳያልበው አያድርም፤ የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለችኝ።

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። የጨው ነጋዴ ልጅ ሆኜ ስኳርን እንደ ቅቤ ሳስታምመው ሰነበትኩ። አባቴ ስንቴ ነው ጨው ደጋ አላሳድርም ብሎ በጠራራ ፀሐይ ግመሎቹን እየነዳ ወደ ቆላ የወረደው። ስኳሩን የፈጀው እርጥበት እንጂ ሙቀት አልነበረም። ለቅሶዬን አቆምኩ፣ በመጀመሪያው ካሚዮን ወረድኩ።

ለድግሱ አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። ከኩሽና ወጣሁና ከግራር ሥር ሠራሁ፤ ቅጠሎቹ ሲደርቁ እየተሰነጠቁ ስላስቸገሩኝ ልጅ ሆነን የምናኝከውን የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙቼ ከሊጡ ጋር አሸሁት። ያን ጊዜ እንደ ቆዳ ተለመጠልኝ። ከዚያ ትሪውን ፀሐይና ነፋስ ላይ ዘርግቼ፣ ጉንዳንና ዝንብ እየተከላከልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቴ ተቃጠለ። እትዬ ለተብርሃን ገብቼ ውሃ እንድጠጣ ቢለምኑኝ አልነቃነቅም አልኩ። ጽጌረዳዎቹ በጥፍር ሲመቱ ቃ እስኪሉ ደረቁ።

በማግሥቱ እንግዶቹ ሲገቡ አንዷም ቅጠል አልዘመመችም። ሲኞራዋ ቃሏን ጠበቀች፣ አልነሳትም። ከሰዓት በኋላ አባቴ ጢሙ አድጎ፣ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ወጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን ቆመ።

«ሁለቱስ?» አለኝ።

«ለእርስዎ ብቻ ነው የለመንኩት፣ አባዬ።»

«ጠባቂዎቹ የሚሰጡንን ውሃ ሁለቱ መጀመሪያ እኔን ነበር የሚያስቀምሱት» አለና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮጬ ተመለስኩ። እትዬ ለተብርሃንን እየጎተትኩ ሲኞራዋ ዘንድ ገባሁ። «የፈለገችውን ያህል አበባ እሠራለሁ በሏት» አልኩ። «ለሁለቱም። ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»

ሲኞራዋ ልጇን እያባበለች አዳመጠች። መልሷን እትዬ ለተብርሃን እጄን ይዘው ተረጎሙልኝ።

«ድግሱ አልቋል ትላለች፣ ልጄ።»

በክፋት አላለችውም፤ አበባ የሚያስፈልገው ድግስ አልነበራትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ካሚዮኑ ሁለቱን ይዟቸው ወጣ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። ሦስት ወንድሞቼ የተወለዱት እሱ ከተፈታ በኋላ ነው፤ በሰዓዳ ሠርግ ላይ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የድንኳኑን ግማሽ ሞልተውት ሲጨፍሩ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ደስታዬንም አልደብቅም። ኬኩን ቁረሺ ሲሉኝ ግን እጄ ትንሽ ዘገየ፤ ማጀቴ አገር ለእነዚያ ሁለት ሰዎች ዘር ሳይተከሉ የቀሩት ሁለት የሠርግ ድንኳኖች ትዝ ብለውኝ ነው።