ነፋሱ በመጣበት መንገድ

ንጋት፣ ጎንደር። ወፍ ሲንጫጫ መናኸሪያ ደረስሁ። ያ የሰሞኑ አውሎ ነፋስ ከተማችን ሲገባ ደክሞት ነበር፤ ፒያሳ ላይ የአንዱን ካፌ ጥላ ገልብጦ፣ ከገመዴ ላይ ነጠላዬን ነጥቆ አለቀ። ዳባት አጠገብ ባለው መንደራችን ግን የታላቅ ወንድሜን የአያ ደሴን ጣሪያ ወስዶታል። ዛሬ በደቦ ሊከድኑለት ነው። ሳላይ አልቀርም።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ፣ «የባሕሩ አውሎ ነፋስ በሞቀ ውኃ ያድጋል፤ የብስ ሲረግጥ ይሞታል። ስምም ይወጣለታል» ብላኛለች። የእኛው ስም የለውም። ዕድሜውም አንድ ከሰዓት በኋላ ናት።

ወለቃ። የመንገድ ዳሩ ሸክላ ሁሉ ደኅና ነው። «እኛንስ አከበረን እማማ፤ ገለባ በትኖብን ሄደ» አለች ሻጯ።

አምባ ጊዮርጊስ። ባሕር ዛፎቹ ሥራቸውን ገልጠው ተጋድመዋል። ሹፌሩ በርጩማ ላይ ያስቀመጣትን ሴት ከባለ ወንበሮቹ እኩል ላስከፍል ቢል አፋጠጥሁት፤ ቀነሰላት። ቂም ግን አልያዘም።

«ነፋሱ የጎለመሰው እዚህ ነው እማማ። ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ሲበትን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«መኪናዬ ሥር ተኛሁ።»

«አይ ጀግና!» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ረፋድ፣ መንደራችን። ነፋሱ የተወለደው ከዚያ ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ ነው ይላሉ። እዚህ ሲደርስ ገና ጨቅላ ነበርና ሁለት ቤት ብቻ ገለጠ፦ የወንድሜንና የጎረቤቱን የአልማዝን። አልማዝ ባሏ ሞቶባት ሦስት ሕፃናት ይዛ ላስቲክ ሥር ተቀምጣለች። ደመናው ጠቁሯል፤ ከዝናቡ በፊት የሚደርሰው አንድ ቤት ነው። ወንዶቹ ሁሉ ወንድሜ ቤት ላይ ወጥተዋል።

«ምነው አያ፣ የአልማዝስ?»

«እሷ ምን ጠላ አላት? ደቦ በደረቅ ጉሮሮ አይሠራም። ደግሞ አንቺን እንግዳዬን ዝናብ ላስመታ?»

«ለእኔ ብለህ ከሆነማ ቀላል ነው።»

የጠላውን ጋን ከሁለት ሴቶች ጋር ተሸክመን አልማዝ ደጃፍ አስቀመጥነው። ወንዶቹ ከላይ ሆነው ጋኑን በዓይናቸው ሸኙት። መዶሻው ዝም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ጠላው እኮ የእኔ ነው!» አለ ወንድሜ።

«ምርቃቱም ያንተ ነዋ!»

አጉረመረመ፤ ግን አልማዝ ጣሪያ ላይ የመጀመሪያውን ምስማር የመታው እሱ ነው።

ማምሻ። ዝናቡ ወረደ። የአልማዝ ቆርቆሮ ሲንጣጣ፣ ሕፃናቱ ከሥሩ ሲስቁ ይሰማናል። እኔና ወንድሜ ላስቲክ ሥር ነን።

«ሸጋ እንግዳ መጣችብኝ» እያለ ደረቁን ጥግ ለቀቀልኝ።

እምቢ አልሁ። ከጎኑ ተቀመጥሁ፤ እኩል ረጠብን።