ከበራው ሥር የነበረው ሽበት

መርሳ ላይ ፀጉር ማስተካከል ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ራስ ብቻ ከልቤ አናዶኛል፤ የጎሚስታው የተስፋዬ ራስ። ሌላው ሰው ፀጉሩ ሲመለጥ ትንሽ ያዝናል፣ ኮፍያ ይገዛል፣ ይረሳዋል። ተስፋዬ ግን ከፀጉሩ ጋር አባቱንም አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ እትዬ አሰለፈች በልጅነታቸው ግራና ከተማ፣ በአቶ ማሩ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። አርግዘው ወጡ። «ልጁ የማሩ ነው» አሉ፤ ማሩ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ምለው ካዱ። ታዲያ የማሩ ዘር በአገሩ ሁሉ የሚታወቅበት ምልክት አለው። ወንዱም ሴቱም ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ግንባሩ ላይ ይሸብታል። ጎንና ጎኑን፣ ጺሙንም እስከ ሃምሳ ዓመት አይነካውም፤ ከፊት ብቻ ጥጥ የተለጠፈበት ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለመፍረድ አልደከሙም። «ልጁ ሃያ አምስት ይሙላው፤ ግንባሩ ይናገራል» ብለው ተነሡ። ጥበብ መሆኑ ነው! አንዲት ሴት ሃያ አምስት ዓመት ውሸታም ተብላ ብትኖር ለእነሱ ምን ቸገራቸው።

እትዬ አሰለፈች ጠበቁ። ተስፋዬም ጎማ እየለጠፈ ጠበቀ። ሃያ ዓመት ከሞላው ጀምሮ በየቅዳሜው እኔ ዘንድ እየመጣ መስተዋቱ ፊት ይቀመጥና «እስቲ ደህና አድርገህ እየው፤ አንድም የለም?» ይለኛል። አንድም የለም። ሴት ልጁ ሩት በተወለደች ሰሞን ፀጉሩ መርገፍ ጀመረ። ከየት? ከግንባሩ! ሃያ አምስት ሲሞላው ከፊት እስከ መሃል አናቱ ዝንብ የሚያንሸራትት ሜዳ ሆነ። ሽማግሌዎቹም መጥተው ሜዳውን አይተው ተመለሱ። ማሩ «ይኸው እግዜር ፈረደ» አሉ አሉ። በራው ከየት መጣ ቢባል፣ የእትዬ አሰለፈች አባት በወጣትነታቸው የተመለጡ ሰው ነበሩ። ሴትዮዋን ውሸታም ያሰኛቸው የገዛ አባታቸው ራስ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ግን ይህን ያሰበ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ተስፋዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ግን ጎማ ሊያስነፋ የቆመ መኪና አስጠብቆ ወደ እኔ ብቅ አለና «እናቴን ማመን አቃተኝ» አለኝ። ለእሳቸውማ በምን አፉ ይነግራቸዋል።

ሩት አደገች፣ ወልድያ ተምራ ተመለሰች፣ እዚሁ መርሳ ሞባይል መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች። ባለፈው ዓመት በምሳ ሰዓት፣ ፀጉር ቤቴ ባዶ ሲሆን ጠብቃ ወደ እኔ መጣች። የሴቶቹ ፀጉር ቤት ወሬ ያወጣል ብላ ነው፤ እኔን ምስጢር ጠባቂ ያላት ማን እንደሆነ እንጃ። ሻሿን ስታነሣ ግንባሯ ላይ አንድ ዘለላ ነጭ ፀጉር አየሁ። ትንሽ ደነገጥኩ። ወዲያው ግን አባቷ ያልነበረው ከየት ይመጣል ብዬ፣ ሐሳብ ነው ያሸበታት አልኩና ጥቁር ቀለም ቀባኋት። በየወሩም ቀባኋት።

ይህችው ሩት ከማን ጋር ብትዋደድ ጥሩ ነው? ከማሩ የልጅ ልጅ፣ ከባዮሎጂ መምህሩ ከሚኪያስ ጋር። እትዬ አሰለፈች «የአጎቷ ልጅ ነው፤ ነውር ነው!» ብለው ቢጮኹ ሰሚ አጡ። የማሩ ቤት «ዝምድና እንደሌለን ግንባሩ ተናግሯል» አለ። ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ሚኪያስ ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ። ከፊት ያለውን ነጭ እየከረከምኩ «ሰው ከእናንተ ተወልዶ ይህ ሳይወጣበት ሊቀር ይችላል?» አልኩት፤ ለወሬ ያህል ነው።

«ይችላል እንጂ ጋሼ። ለምሳሌ በእናቱ በኩል የበራ ዘረ-መል ከወረሰ፣ ሽበቱ አለ፤ የሚሸብት ፀጉር ግን የለም። አንዱ ዘረ-መል የሌላውን ሥራ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ፈተና ላይ ሁሌ የማወጣት ጥያቄ ናት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሴት ልጅ ከወለደ፣ ሴት እንደ ወንድ ስለማትመለጥ፣ እሷ ላይ ቁልጭ ብሎ ሊወጣ ይችላል» ብሎ ሳቀ። አማቱ ሊሆን የደረሰውን ሰው ራስ በየቀኑ እያየ ይህን ለአራት ክፍል ተማሪ ያስተምራል። እኔ መቀሱን አስቀመጥኩ። ሂሳብ ልክፈል ሲለኝም አልሰማሁትም።

ቅዳሜ ሩት ለቀለም መጣች። «አልቋል» አልኳት። ሦስት ፓኬት ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል።

«ያውና ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

ሚኪያስ ያለኝን ነገርኳት። ወደ መስተዋቱ ተጠግታ ነጩን በጣቷ ለየችው። «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ እውነቷን ነበራ!» አለችና ሻሿን አስራ ወጣች። እንደዚያን ቀን ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም።

እሑድ አቶ ማሩ ራሳቸው ሽማግሌ አስከትለው ተስፋዬ ቤት መጡ። እኔም በጎረቤትነት ተጠርቻለሁ። እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ ማሩ «በእኛና በእነሱ መካከል ዝምድና የለም» አሉ። ይህን ጊዜ ሩት ከጓዳ ወጣችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ቀለሙ ለቆ፣ ነጩ ከሥሩ ወጥቷል።

ማሩ አዩት። እጃቸው ወደ ገዛ ግንባራቸው ሄደ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዝምድና አለን» አሉ። ልጃቸውን ለማመን አርባ አምስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ያመኑትም ሠርግ ለማፍረስ ነው።

ተስፋዬ ወደ አባቱ አልሄደም። እናቱ ጉልበት ላይ ወድቆ «እማ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

አንዷ ጎረቤት «እልል ይበሉ እንጂ እትዬ፤ እውነትዎ ወጣ!» አለች።

እትዬ አሰለፈች ሩትን ስበው አቀፏት፤ ልጅቱ ደረታቸው ላይ ተደፍታ የሚኪያስን ስም ትጠራለች።

«በማን ላይ ነው እልል የምለው?» አሉ።