ግራጫው ምትክ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ይህን ያለው ሰውዬ መዝገብ ቤት ገብቶ አያውቅም። ወረቀት እንደ ጉድ ይለቃል! እርጥበት ሲነካው ይለቃል፣ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል፣ አይጥ ሲቀምሰውማ ምኑን ብዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ቤት ቁጭ ብዬ በመርፌና በሙጫ ስጠርዘው የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ ወረቀት ማንም አይነግረኝም። የያዘችውን የማትለቅ እኔ የማውቃት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም እትዬ በቦታው ናት።

ስሟ አይደለም። ስሟን የሚጠራት አለቃችን ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ። እኛ በቦታው ያልናት በቀን መቶ ጊዜ ስለምትለው ነው። መዝገብ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «በቦታው!» ትላለች። አንዴ የሻይ ብርጭቆዬን ከጠረጴዛዬ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እንዲሁ ብላኛለች። ሙጫ ውስጥ ልደፋው ነበር መሰለኝ። አላመሰገንኳትም።

እሷ ስትቀጠር መዝገብ ቤቱ መጋዘን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ላይኛው ፎቅ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሰው ይገባል፣ ያነባል፣ ያዛጋል። እኛ ጋ ግን ተገልጋይ ሲመጣ በበር ቀዳዳ «ነገ ይመለሱ» ነበር የሚባለው። ነገም ሲመለስ ነገ ይባላል። ታዲያ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ለሥልጠና ሌላ አገር ተላከች። አብረዋት የሄዱት ጫማና ሽቶ ይዘው ሲመጡ፣ እሷ አንድ ቁራጭ ካርቶን ይዛ መጣች። «ይቺን ለማምጣት ነው በአውሮፕላን የሄድሽው?» ብዬ ሆዴ እስኪቆስል ሳቅኩባት።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለችኝ። «እዚያ አገር ተገልጋዩ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነው መዝገቡ የሚመጣለት። መዝገብ ከመደርደሪያ ሲወጣ ደግሞ እንዲህ ያለ ካርቶን በቦታው ይቆማል። ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ይጻፍበታል። መዝገቡ እስኪመለስ ካርቶኑን ማንም አይነካውም። በል ሥራልኝ።»

ሠራሁላት። በካርቶን ላይ ግራጫ ጨርቅ እየለበጥኩ ሁለት መቶ ያህል ሠራሁ፤ ስሙንም ምትክ አልነው። ከዚያ በኋላ እሷ የመስኮቱን ሥር ከአሮጌ ሣጥን አስጸድታ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አስገባች፤ ያ የንባብ ክፍላችን ሆነ። ሕጓ ሁለት ነው። መዝገብ ያለ ምትክ አይወጣም። የወሰደ ሰው ሲወስድ ይፈርማል፣ ሲመልስ ይፈርማል፣ ሁለቱ ፊርማ ካልተመሳሰለ ጉድ ፈላ! አንድ ጠበቃ ሲመልስ ቸኩሎ ፊርማውን ቢያበላሸው፣ ደረጃውን ወጥቶ ከጨረሰ በኋላ ጠርታ አስፈርማዋለች።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ መዝገብ የጠፋባት።

መዝገቡ የድሮው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ቤቱ ተዘግቶ ወረቀቱ ወደ እኛ ሲመጣ፣ የአንዱ ዓመት መዝገብ እርጥበት በልቶት ነበርና ለእኔ ሰጠችኝ። ቦታው ላይ «ጥረዛ ክፍል» ተብሎ ምትክ ቆመ፣ እኔም ፈረምኩ። አርባ ቅጠል የማትሞላ ቀጭን መዝገብ ናት። ሰፋኋት፣ አለበስኳት፣ ጨርሼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ብመጣ የለችም። እትዬ በቦታው ወስዳታለች ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ አናጢ መጣ። እጁ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፤ ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ከታናሽ እህቱ ጋር ለዚያ ማሳደጊያ ተሰጥቷል። እሱን አንድ አናጢ ወሰደው። እሷን ማን እንደወሰዳት አያውቅም። ስሟንም አያውቅም! «ሚጣ ነበር የምንላት» አለ። «ቤት ውስጥ ሁሉም ሚጣ ነው የሚላት። ሌላ ስም እንዳላት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።»

«ይቀመጡ ጋሼ፣ መዝገቡ አለ» አለችው እትዬ በቦታው፣ በኩራት። ገባች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል፤ በእጇ የኔ ፊርማ ያለበት ምትክ አለ። «መዝገቡን አምጣ» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ የወሰድሽው!»

«እኔ? ሳልፈርም?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። እኔ ለሷ ሌባ፣ እሷም ለእኔ ሌባ። መደርደሪያውን ስንት ጊዜ እንዳራገፍን አልቆጥረውም። አይጥ ነው እያልን ምንም የማያውቁትን አይጦች ወጥመድ አጠመድንባቸው። አናጢው ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ «እትዬ፣ ተገኘ?» ይላል።

«አልተገኘም ጋሼ፤ ግን አልጠፋም» ትለዋለች። እሱ ከሄደ በኋላ ግማሽ ቀን አታናግረኝም። እኔም ውስጤ ያርር ነበር፤ ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣንም፣ ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ወጣቱ አለቃችን ሰበሰበንና፣ መዝገቡ ሁሉ በማሽን ተነስቶ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው አለን። ተገልጋይ ደረጃ መውረድ ሳያስፈልገው፣ ከየትም ሆኖ ያያል። እኔ አኮረፍኩ፤ እሷ ግን «እሰይ! ሳልሞት አየሁት» ብላ አጨበጨበች። ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ ነው ጭብጨባዋ የቆመ። ከሥራው በፊት የሌሉ መዝገቦች ተለይተው፣ «ጠፍቷል» ተብሎ ተፈርሞባቸው ከዝርዝር ይሰረዛሉ። እስከ ዓርብ። ዓርብ ደግሞ የእሷ የመጨረሻ የሥራ ቀን ናት፤ ጡረታ ልትወጣ ነው።

ምትክ የቆመለት እንደ ወጣ እንጂ እንደ ጠፋ ስለማይቆጠር፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው አንድ መዝገብ ብቻ ነበር።

«እጄን ቢቆርጡኝ አልፈርምም» አለች።

«እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው» አላት አለቃችን በትሕትና።

«ከተሰረዘ ማን ይፈልገዋል? ያ ሰውዬ ሲመጣ ኮምፒውተሩ 'እንዲህ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም' ሊለው ነው? እስከ ዓርብ ተዉኝ።»

በዚያው ሰሞን ማሽኑ የሚገባው አለቃው ቢሮ ሆነ፤ ደረቅና ብርሃን ያለው ክፍል እሱ ነው። እዚያ ያለው ትልቁ ቁምሳጥን ወደ እኛ እንዲወርድ ተባለ። ጌታው ቁምሳጥን ግን አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሳይጠገን ቢወርድ እላያችን ላይ ይተኛል። «እኔ አናጢ አውቃለሁ» አለች እትዬ በቦታው፣ እኔን በጎን እያየች። ሰኞ ጠዋት ተጠርቶ መጣ።

ረፋዱ ላይ አንድ ጨርቅ የመሰለ ነገር ይዞ ወረደ። «ቁምሳጥኑን ባነሳው፣ እግሩ ሥር ይሄ ተጣጥፎ አለ። የእናንተ አይደለም እንዴ?»

የሕንፃው ፕላን ፋይል ነበር። መሐሉ ላይ የቁምሳጥኑ እግር ክብ አድርጎ ተቀምጦበታል። እትዬ በቦታው አየችው፣ ከዚያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ያ የድሮው አለቃ! 'መልሻለሁ' ብሎ በልጆቹ ምሎልኝ ነበር እኮ! ሰው ፕላን እግር ሥር ያደርጋል? ና ጠራዡ፣ የዚህን ምትክ ዛሬ በክብር ላውጣው።»

ወደ ኋላኛው መደርደሪያ ሄድን፤ አናጢውም ተከተለን። በሁለት ወፋፍራም መዝገቦች መሐል አንዲት ግራጫ ምትክ የድሮውን አለቃ ፊርማ ለጥፋ ቆማለች። እትዬ በቦታው ሳበቻት። እንቢ አለች። ደግማ ሳበቻት፣ ወጣች።

«ይሄ ምትክ ምነው ከበደ?» አለች።

እኔ ግን ጀርባውን አይቼ ነበር። የምጠርዘውን ሁሉ የመጨረሻውን ቋጠሮ በቀይ ክር የምቋጥር እኔ ነኝ። ካርቶን ደግሞ አይሰፋም፣ አይቋጠርም። «ግለጪው» አልኳት።

ምትኩ ተገለጠ። ውስጡ አርባ ቅጠል የማይሞላ ጽሑፍ አለው።

ምን ልበላችሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ቀስ እያለ ትዝ አላት። ያኔ የድሮው አለቃ «ቶሎ፣ ቶሎ» እያለ ቆሞባታል፣ ባዶ ምትክ አልቆባታል፣ እጇን ወደ እኔ ጠረጴዛ ሰደደች፣ ግራጫ ነገር አገኘች፣ የፊርማውን ወረቀት ለጥፋ ሸጎጠችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው! እኔስ ብሆን? ከምትኩ የተረፈውን ጨርቅ መዝገቡን ያለበስኩ፣ ርዕሱንም ነገ እለጥፋለሁ ብዬ የተውኩ እኔ አይደለሁም? ከዚያ ወዲህ ምትክ አይነካም የሚለው የራሷ ሕግ ጠበቀላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዓይናችን ፊት ቆሞ፣ ፈልገን ፈልገን እሱን ብቻ አልነካነውም።

«ጋሼ» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «የደበቅኩብዎ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።»

«እኔም አለሁበት» አልኩ። አፈርኩ፣ ግን አልኩ።

አናጢው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። «ተገኘ ወይስ አልተገኘም?»

«ተገኘ።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅሳችኋል? መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፤ ያንብቡልኝ።»

አነበበችለት። መጀመሪያ የእሱ ስም፣ የወሰደው አናጢ ስም። ከሥሩ፤ ሴት፣ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ከላይ ለተጻፈው እህት። ስሟንም አነበበች። አናጢው ስሙን በከንፈሩ ሁለት ሦስቴ ሞከረው፣ እንደ አዲስ ጫማ። የወሰዷት ልብስ ሰፊና ባለቤቷ ናቸው፣ ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ጥግ ላይ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ?» ብሎ ጮኸ። «ጥጉ ላይ ያለው? የዚያን ቤት በር እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ! ውሃ የሰጠችኝ ሴትዮ ነበረች፣ 'አንድ ብርጭቆ ይድገሙ' ብላ…»

መጋዙንም መዶሻውንም እኛ ጋ ጥሎ ወጣ። ቁምሳጥኑ እስከ ማክሰኞ በሦስት እግሩ ቆመ።

ማክሰኞ መጥቶ እግሩን እየጠገነ ነገረን። ሴትዮዋ አሁን ያለችው ድልድዩን ተሻግሮ ልጇ ጋ ነው፤ ሲመሽ ደርሶ አገኛት። ውሃ የሰጠችው ራሷ ናት። አሳዳጊዋ «ወንድም ነበረሽ» ብላት ነበር፣ ከዚያ ሌላ የምታውቀው የለም። «ስሟን ግን አልነገርኳትም» አለን። «እናታችን ካወጣችው ስም ሌላ የቀረልን ነገር የለም። በወሬ ከምትሰማው ተጽፎ ትየው ብዬ ነው።»

ዓርብ ጠዋት አለቃችን ዝርዝሩን ይዞ ወረደ። እትዬ በቦታው «ጠፍቷል» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ፣ ከጎኑ «አለ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። በዚያው ሰዓት አናጢው ንጹሕ ኮት ለብሶ ገባ፤ ክንዱን የያዘች ሴት አብራው አለች። ማነች ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጆሮዋ የእሱ ጆሮ ነው፣ እንደ እሱ በር ላይ ቆም ትላለች። «ግቢ እንጂ ሚጣ» ይላታል፣ የስድሳ ዓመት አሮጊት!

መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እትዬ በቦታው ሥርዓቷን አላጎደለችም፤ የመጠየቂያውን ወረቀት አቀረበችላት፣ ሴትዮዋ አሳዳጊዎቿ ያወጡላትን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የፈረመችውን ስም ፈረመች። መዝገቡ መጣ። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች፣ ደረሰችበት፣ ቆመች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አላት ወንድሟ።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንዴ ጠራችው፣ የገዛ ስሟን። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ሙጫ ፍለጋ ወጣሁ፤ ሙጫው እጄ ላይ ነበር።

ስመለስ ሴትዮዋ መዝገቡን እየመለሰች ነው። እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ አሰበች። ቀስ ብላ፣ ፊደል እንደሚማር ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ከወረቀቱ ግርጌ ፈረመች። አለቃችን አጎንብሶ አየና፣ የእትዬ በቦታውን ሕግ ያወቀ ሰው ነውና፣ ቀስ ብሎ ነገራት።

«እትዬ፣ ሁለቱ ፊርማ አይመሳሰልም።»

እትዬ በቦታው ወረቀቱን አነሳችው። ላይኛውን አየች፣ ታችኛውን አየች። ጠበቃውን ከደረጃ የመለሰች ሴት ናት።

«ሁለቱም የእሷ ነው» አለች፣ ወረቀቱን በመዳፏ መታ አድርጋ። «በቦታው!»

መዝገቡን አቅፋ ወደ መደርደሪያው ሄደች።