የመምህሬ ድንጋይ

ነቀምቴ ያስተማሩን የፊዚክስ መምህር ውጭ አገር የጎማን መለጠጥ ያጠኑ ሰው ነበሩ። አዲስ ውጤት ወደዚያ ልከው ወደ ምርምራቸው ለመመለስ ተስፋ ስለነበራቸው ከመኪና ከመነዳሪ ቀጭን ጎማ ቆርጠው ክፍላችን ውስጥ ሰቀሉ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ለወራት በየጠዋቱ ርዝመቱን ለኩ።

አንድ ቀን የጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ተባለ። የጽዳት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ለመምህሬ እንዲያምርላቸው ብዬ ጎማውን ፈትቼ ጠቀለልኩት፣ ድንጋዩን ውጭ ጣልኩት።

«ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ድንጋዬን ማን በላው?» አሉ መምህሬ ሲገቡ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በማግስቱ ሌላ ጎማ ሰቅለው እንደገና ጀመሩ፤ ሳይጨርሱ ግን ወደ ሲሬ ተዛወሩ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ክብደቱ አንዴ ከተነሳ እንዲህ ያለው ልኬት እንደማይቀጠል ተማርኩ። ያን ጠዋት «እኔ ነኝ» ብል ኖሮ አይቆጡኝም ነበር።